ጥቂት ዋት ላለው ባለቱቦ አምፕሊፋየር ተስማሚ ስፒከር እንዴት ይመረጣል?

300ቢ የተባለችው ድምፅ አጉሊ የመስታወት ቱቦ (ቫኪዩም ቲዩብ) ብቻዋን ስትሠራ የምትሰጠው ኃይል 8 ዋት ገደማ ነው፤ 2ኤ3 ደግሞ ከ3.5 ዋት ብዙም አታልፍም። ካርቶን ላይ በመቶ የሚቆጠር ዋት ማየት ለለመደ ገዢ ይህ ቀልድ ሊመስለው ይችላል። ሆኖም ስፒከሩ ከተስማማ 8 ዋት ሳሎን ይሞላል፤ ካልተስማማ ግን ውድ አምፕሊፋየርም ይታፈናል።

በመጀመሪያ በስፒከሩ መግለጫ ላይ «ሴንሲቲቪቲ» የተባለውን ቁጥር ይፈልጉ። ቁጥሩ ስፒከሩ 1 ዋት ሲሰጠው በ1 ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል ድምፅ እንደሚያወጣ ያመለክታል። ኃይል እጥፍ ሲሆን ድምፅ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል፣ አሥር እጥፍ ሲሆንም 10 ዴሲቤል ብቻ በመሆኑ፣ 8 ዋት ከ1 ዋት የሚበልጠው በ9 ዴሲቤል ነው። ስለዚህ በ8 ዋት ባለ 86 ዴሲቤሉ ስፒከር 95 ላይ ሲቆም ባለ 97ቱ 106 ይደርሳል፤ የመጀመሪያው እዚያ እንዲደርስ 100 ዋት ይፈልጋል። የከበሮ ምት ከሙዚቃው አማካይ ድምፅ በ10 ዴሲቤልና ከዚያም በላይ ከፍ ሊል ስለሚችል ይህ ትርፍ ቅንጦት አይደለም። ለ8 ዋት ቢያንስ 93፣ ለ3 ዋት ደግሞ 96 እና ከዚያ በላይ እንዲሆን እመክራለሁ።

ቁጥሩ ግን ሊያታልል ይችላል። ብዙ አምራቾች የሚለኩት በ2.83 ቮልት ሲሆን፣ ይህ ለ8 ኦም ስፒከር (ኦም ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ ፍሰት የሚያሳየው ተቃውሞ መለኪያ ነው) 1 ዋት፣ ለ4 ኦም ስፒከር ግን 2 ዋት ነው፤ ስለሆነም ከባለ 4 ኦሙ ቁጥር ላይ 3 ይቀንሱ።

ቀጥሎ ኢምፒዳንስን፣ ማለትም ይህንን በኦም የሚለካ ተቃውሞ ይመልከቱ። «8 ኦም» የተባለ ስፒከር በአንዳንድ ድምፆች ላይ ወደ 3 ኦም ሊወርድ፣ በቤዝ አካባቢ ደግሞ ከ20 በላይ ሊወጣ ይችላል። ትራንዚስተር አምፕሊፋየር ይህንን ልዩነት ብዙም አይሰማውም፤ ፊድባክ (ከውፅዓቱ ጥቂቱን ወደ መግቢያው መልሶ ስህተትን የሚያርም ዘዴ) የሌለው ባለቱቦ አምፕሊፋየር ግን የራሱ የውፅዓት ኢምፒዳንስ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ የስፒከሩ መውጣትና መውረድ በድምፁ ቃና ላይ በቀጥታ ይታያል። ከ6 ኦም ብዙ የማይወርድና የማይዋዥቅ ስፒከር ይምረጡ። በቢቢሲ የተነደፈው ትንሹ ኤልኤስ3/5ኤ መጀመሪያ ላይ 15 ኦም ስለነበረ ለቱቦ ይመቻል፤ ነገር ግን ሴንሲቲቪቲው 83 ዴሲቤል ገደማ ብቻ በመሆኑ ለጠባብ ክፍልና ለቅርብ አድማጭ እንጂ ለሰፊ ሳሎን አይሆንም። በተቃራኒው ፖል ክሊፕሽ በ1940ዎቹ የሠራው ክሊፕሽሆርን ከ100 ዴሲቤል በላይ ስለሚሰጥ 3 ዋትም ይበቃዋል፤ ችግሩ ሁለት ባዶ የክፍል ማዕዘኖች መፈለጉ ነው።

ሲያገናኙ አምፕሊፋየሩን ያጥፉ። ከኋላው 4፣ 8 እና 16 የሚሉ የስፒከር ገመድ ማገናኛዎች ካሉት በስፒከሩ ኦም ይጀምሩ፤ ከዚያም ዝቅ ያለውን ይሞክሩ፣ ብዙ ጊዜ ቤዙ ሳይንዛዛ ጥርት ይላል። ስፒከር ሳይገናኝ ሙዚቃ ማጫወት ቱቦዎቹን ከስፒከሩ የሚያገናኘውን የውፅዓት ትራንስፎርመር ሊያቃጥል ይችላል። ክዳኑንም አይክፈቱ፤ ውስጡ ያለው ከፍተኛ ቮልቴጅ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ሊቆይ ይችላል።

በመጨረሻ ከበሮ ጎልቶ የሚሰማበትን ቅጂ በተለመደው መቀመጫዎ ሆነው ያዳምጡ። ቱቦ አቅሟ ሲያልቅ በድንገት አትጮህም፤ ምቱ ይደነዝዛል፣ ድምፁም የተጨናነቀ ይሆናል። ይህ ከተሰማዎ ሌላ አምፕሊፋየር ከመግዛትዎ በፊት ወንበርዎን በአንድ ሜትር ወደ ስፒከሮቹ አቅርበው እንደገና ያዳምጡ።