ጃንዋሪ 27 ወይስ 28? የጋብቻ ቀን በአንድ ቀን ሲዛነፍ

ሠርጉ ደብረ ማርቆስ፣ ባልየው የውጭ ዜጋ። በትዳር መነሻነት የገባው የቆይታ ማራዘሚያ ማመልከቻ ሁለቴ ተመለሰ፤ የተጻፈው ምክንያት አንድ መስመር ብቻ፦ የጋብቻው ቀን አይገጥምም።

መጀመሪያ የተክሊሉ ወረቀት ተጨመረ። አልሠራም። የቤተ ክርስቲያን ወረቀት የክብር መዝገብን የጋብቻ ምስክር ወረቀት አይተካም። ቀጥሎ የምስክር ወረቀቱ ትርጉም እንደ አዲስ ተሠራ፤ ያንኑ ስህተት ይዞ መጣ።

ስህተቱ የተገኘው የሳምንቱ ዕለት ሲታይ ነው። ሠርጉ እሑድ ጥር 19 ቀን 2016 ነበር። ትርጉሙ ግን ጃንዋሪ 27፣ 2024 ይላል፤ ያ ቅዳሜ ነው። ተርጓሚው «ጥር 1 ጃንዋሪ 9 ነው» በሚለው የቃል ስሌት ሄዷል። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። 2015 ግን ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ ጳጉሜን 6 ሆነች፤ የ2016 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ዋለ፣ ጥር 1ም ጃንዋሪ 10። ይህ የአንድ ቀን ፈቀቅታ እስከ ፌብሩዋሪ 29 ይዘልቃል። የጎጃም ሠርግ ደግሞ ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም ስለሚበዛ አብዛኛው እዚሁ መሐል ይወድቃል።

የሠራው፦ ፈቃድ ያለው ተርጓሚ ቀኑን ጃንዋሪ 28 ብሎ አርሞ በማኅተም ሰጠ፤ የሚስት ስምም ከነአባቷና ከነአያቷ ከፓስፖርቷ ፊደል በፊደል ተገለበጠ። ፋይሉ ከዋናው ምስክር ወረቀት ጋር ሲገባ አለፈ። ትርጉም ስትረከቡ ማኅተሙ ሳይደርቅ ዕለቱን ቁጠሩ።