ለኑሮ ወደ ውጭ ሲሄዱ፦ የመሄጃ ትኬት ብቻ ወይስ ደርሶ መልስ?

ቪዛ የተመታበት ፓስፖርት እጅ በገባ ማግስት ቤተሰብ ተሰብስቦ የሚነጋገረው ስለ ትኬት ነው። በተለምዶ ዋን ዌይ የምንለውን የመሄጃ ትኬት ብቻ እንቁረጥ ወይስ ደርሶ መልስ ይሻላል? አብዛኛው ሰው የሁለቱን ዋጋ ጠይቆ ረከስ ያለውን ይይዛል። እኔ ግን አስቀድሞ መታየት ያለበት ፓስፖርቱ ላይ የተለጠፈው የቪዛ ዓይነት ነው እላለሁ፤ የዋጋው ነገር ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ወደ አሜሪካ የሚሄድን ሰው እንውሰድ። በዲቪ ዕጣ ወይም በቤተሰብ በኩል የኢሚግራንት ቪዛ ያገኘ ሰው የሚሄደው ለመኖር ስለሆነ የመመለሻ ትኬት አይጠየቅም። የተማሪ ቪዛ የያዘም እንዲሁ በመሄጃ ትኬት ብቻ መጓዝ ይችላል፤ ትምህርቱ ሊጀመር ከ30 ቀን በላይ ሲቀረው መግባት ስለማይፈቀድለት ግን የበረራውን ቀን በጥንቃቄ ማስላት አለበት። የጎብኚ ቪዛ ከዚህ ይለያል። አየር መንገዶች እንዳይገባ የተከለከለ መንገደኛ ካደረሱ መልሰው የማምጣት ግዴታ ስላለባቸውና ሊቀጡም ስለሚችሉ፣ መመለሻ ያልያዘን ጎብኚ ገና ከመሳፈሩ በፊት ይጠይቃሉ።

ይህን በአክስቴ ላይ አይቼዋለሁ። አክስቴ የልጅ ልጆቻቸውን ሊያዩ በጎብኚ ቪዛ ሲሄዱ፣ ልጃቸው «መመለሻውን እዚህ ሆነን እንቆርጣለን» ብሎ የመሄጃውን ብቻ ገዝቶላቸው ነበር። በርበሬና ሽሮ የታጨቀባቸው ሻንጣዎች ሚዛን ላይ ወጥተው ከወረዱ በኋላ የመመለሻ ትኬት ተጠየቁ። ሸኚ ወደ ውስጥ ስለማይገባ እኔ ውጭ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆሜ በአንድ ስልክ ከእሳቸው፣ በሌላው ከልጃቸው ጋር እያወራሁ፣ መመዝገቢያው ሊዘጋ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው በዚያ ሰዓት በተገኘው ዋጋ መመለሻው ተገዛ። ከመጀመሪያው ደርሶ መልስ ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ ወጪውም የእሳቸውም ድንጋጤ በቀረ ነበር።

ቪዛው የመሄጃ ትኬት ብቻ ይዞ ለመጓዝ የሚፈቅድ ከሆነ ወደ ዋጋው እንለፍ። በረጅም በረራ ላይ የመሄጃ ዋጋ የደርሶ መልሱ ግማሽ ይሆናል ብሎ መገመት አይገባም። ትልልቅ አየር መንገዶች ዋጋ የሚቀንሱት አብዛኛውን ጊዜ የመመለሻውን ቀን አስቀድሞ ለሚያሳውቅ መንገደኛ ስለሆነ፣ የመሄጃው ብቻ ከግማሹ በብዙ ሊበልጥ፣ አልፎ አልፎም ከደርሶ መልሱ ሊወደድ ይችላል። ስለዚህ ለአንድ ቀን፣ ለአንድ በረራ፣ ሁለቱንም ዋጋ ይጠይቁ። ደርሶ መልሱ ረክሶ ከተገኘ እሱን ገዝቶ መመለሻውን ሳይጠቀሙበት መተው ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው፤ ሆኖም አንዳንድ አየር መንገዶች በውላቸው ላይ ይህን የሚመለከት ገደብ ስለሚያስቀምጡ ውሉን አስቀድሞ ማንበብ ያስፈልጋል። የሚተወው የኋለኛው ጉዞ ብቻ መሆን አለበት፤ የመጀመሪያውን ያልበረረ ሰው የቀረው ትኬቱ በሙሉ ይሰረዝበታል።

ኢሚግራንቶች የሚዘነጉት ሌላም አማራጭ አለ። ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ከአየር መንገዶች ጋር ተስማምቶ ለኢሚግራንቶች የሚያቀርበው የመሄጃ ትኬት በዋጋም፣ በሚፈቀደው ሻንጣም ከተለመደው የተሻለ ሊሆን ይችላል። አራት አምስት ሆኖ ለሚሄድ ቤተሰብ የሻንጣው ነገር ቀላል ስላልሆነ፣ ወደ ትኬት ቢሮ ከመሄድ በፊት እዚያ ጠይቆ ማነጻጸር ይገባል።

ለኢሚግራንት ደርሶ መልስ በእርግጥ የሚጠቅመው መቼ ነው? ቪዛው ጊዜው ሳያልፍበት ገብቶ፣ ከዚያ ተመልሶ ቤት የሚሸጥ ወይም የሥራ ጉዳይ የሚጨርስ ሰው ሲኖር ነው። የኢሚግራንት ቪዛ ብዙውን ጊዜ ከ6 ወር በላይ ስለማይቆይ እንዲህ ያለው ሰው ጥቂት አይደለም። አሜሪካ ሲገባ ማኅተም የተመታበት ቪዛ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለ1 ዓመት እንደ ጊዜያዊ ግሪን ካርድ ስለሚያገለግል፣ ካርዱ በፖስታ እስኪደርስ መጠበቅ ሳያስፈልገው ወደ አዲስ አበባ መመለስ ይችላል። ነገር ግን ከ6 ወር በላይ ከአሜሪካ ውጭ መቆየት ሲመለስ ጥያቄ ያስነሣል፤ ከ1 ዓመት በላይ ለመቆየት ደግሞ አስቀድሞ የዳግም መግቢያ ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል።

«ለማንኛውም ለከርሞ ገና እመጣበታለሁ» ብሎ ደርሶ መልስ የሚቆርጠውን ግን አልመክረውም። የደርሶ መልስ ትኬት ቢበዛ የሚያገለግለው ለ1 ዓመት ነው፤ ርካሹ ከዚያም ያነሰ ጊዜ ይሰጣል፤ ቀን ለመቀየርም ቅጣትና የዋጋ ልዩነት ይከፈላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቤቱ አሜሪካ ከሆነ በኋላ ጉዞው የሚጀምረው ከዚያ ነው። ከአዲስ አበባ በቆረጠው ትኬት መመለሻ ገና ሊውል የመጣ ሰው፣ በዓሉ ሲያልቅ ወደ ሥራው የሚመለስበት ትኬት በእጁ ስለሌለ ከአዲስ አበባ እንደገና ሊገዛ ነው። ከዚያ ይልቅ እዚያ ከተደላደሉ በኋላ ከአሜሪካ ተነሥቶ ወደ አሜሪካ የሚመልስ ትኬት መቁረጥ ይሻላል።

ለሥራ ወደ ዓረብ አገሮች የሚሄዱ እህቶችና ወንድሞች ይህ ምርጫ የእነሱ ሸክም መሆን የለበትም። የኢትዮጵያ የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የደርሶ መልስ መጓጓዣውን ወጪ አሠሪው እንዲሸፍን ያዛል። ትኬት ግዙ ወይም የትኬት አምጡ የሚል ሰው ከገጠማችሁ ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት ለሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት አመልክቱ፤ ውላችሁም መመለሻውን የሚጠቅስ መሆኑን ሳታረጋግጡ አትፈርሙ።

የትኛውንም ዓይነት ቢመርጡ ቪዛው እጅዎ ሳይገባ የማይመለስ ገንዘብ አይክፈሉ፤ በቃለ መጠይቁ ላይ ጸድቋል መባል ብቻውን አይበቃም። ወደ አሜሪካ በሚደረጉ በረራዎች ላይ ከጉዞው 7 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ቀደም ብሎ በቀጥታ ከአየር መንገዱ ለተገዛ ትኬት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ያለ ቅጣት የመሰረዝ ወይም ሳይከፍሉ ዋጋውን የማስያዝ መብት ስላለ፣ በዚያች አንድ ቀን ውስጥ ስሙን ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል ያመሳክሩ።

ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር መልሰው ያንብቡት። ትኬቱ ላይ ረቡዕ 00:40 ተብሎ የተጻፈው እኛ ማክሰኞ ሌሊት 6:40 የምንለው ነው። ረቡዕ ማታ ሻንጣውን ይዞ ቦሌ የደረሰ ሰው በረራው ካለፈ አንድ ቀን ሊሞላው ነው፤ ደርሶ መልስ ቆርጦ ከነበረም መመለሻው አብሮ ተሰርዟል። ስለዚህ ለሸኚዎችዎ የበረራውን ሰዓት ሳይሆን የመገናኛውን ይንገሯቸው፦ ማክሰኞ ማታ 3 ሰዓት ተኩል፣ ቦሌ።