ስክሪን ፎቶ ስታነሱ መስመሩ ከየት ይመጣል?

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያገለገሉ ስልኮችና ላፕቶፖች የሚሸጥ ጓደኛ አለኝ። አዲስ ዕቃ በገባ ቁጥር ካሜራዬን ይዤ እሄድና አነሳለታለሁ፣ እሱ ቴሌግራም ላይ ይለቀዋል። የስልኩን ጀርባ ማንሳት ቀላል ነው። ጉዱ ያለው ስክሪኑ በርቶ ሲነሳ ነው።

አንዴ ምንም እንከን የሌለበት ስልክ አነሳሁ፤ ፎቶው ላይ ግን ስክሪኑን አግድም የሚያቋርጡ ጥቁር ጥላዎች ወጡ። የሚደውለው ሰው ሁሉ «ስክሪኑ መስመር አለው እንዴ?» ይላል። ስልኩ ሳይሸጥ ከረመ። ሌላ ጊዜ ደግሞ የባሰው መጣ። በፍላሽ አነሳሁና፣ ስክሪኑ ዳር ላይ የነበረችው ክር የምታክል አረንጓዴ መስመር ፎቶው ላይ ሳትታይ ቀረች። አንድ ልጅ ፎቶውን አምኖ ከኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ዳገቱን ወጥቶ መጣ። ስልኩን አበራው፣ መስመሯን አያት፣ ባዶ እጁን ተመለሰ። ሲወጣ ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር እስካሁን ከሆዴ አልወጣም። ከዚያ በኋላ ነው ስክሪን ማንሳትን ቁጭ ብዬ የተማርኩት።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይግባችሁ። የበራ ስክሪን በአንድ ጊዜ መብራትም ነው፣ መስታወትም ነው። ችግሩ ሁሉ የሚመጣው ከሁለቱ ነው።

ከመስታወቱ እንጀምር። ስክሪኑን በመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ ጥረጉት። በሶፍት ከጠረጋችሁት ብናኝ ይተዋል፣ ካሜራ ደግሞ ዓይናችሁ ያለፈውን ብናኝ አያልፍም። ከዚያ ስክሪኑን አጥፉትና ካሜራውን ፊት ለፊቱ አድርጉ። ጥቁሩ መስታወት ውስጥ የሚታየውን ሁሉ አንድ በአንድ እዩ። በሩ፣ አምፖሉ፣ ከኋላችሁ የተደረደረው ካርቶን፣ ሁሉም ፎቶው ውስጥ ይገባል። ደሴ ብርድ ነው፣ ሰው ነጠላ ወይም ጋቢ ደርቦ ነው የሚሠራው። እኔ አንድ ቀን ነጭ ነጠላ ለብሼ አሥር ስልክ አነሳሁ፤ አሥሩም ላይ መሃል ለመሃል ነጭ ደመና የመሰለ ነገር ተቀምጧል። ስለዚህ ጥቁር ልበሱ። ሜትር ተኩል የሚሆን ጥቁር ጨርቅ ግዙና ከካሜራው ኋላ ስቀሉት፣ ከዚህ በላይ የሚጠቅም ዕቃ የለም።

እዚያው ሳላችሁ፣ የጠፋው ስክሪን ሌላም ነገር ይነግራችኋል። የሌንሳችሁ ምስል ልክ ስክሪኑ መሃል ላይ ከታየ ካሜራው ቀጥ ብሏል ማለት ነው። ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ከሸሸ ስልኩ ፎቶው ላይ አንድ ወገኑ ሰፍቶ ሌላው ጠቦ ይወጣል። እኔ በማስመሪያ ከመለካት ይሄንን እመርጣለሁ።

ፍላሽ አጥፉ። ለስክሪን ፍላሽ የሚጠቅምበት ጊዜ የለም። ብርሃኑ መስታወቱ ላይ ነጥሮ ይመለሳል፣ ስክሪኑ ራሱ የሚሰጠውን ብርሃን ይውጠዋል። የኔን አረንጓዴ መስመር የዋጣት እሱ ነው።

አሁን ወደ መብራቱ። ስክሪን ዝም ብሎ የበራ ይመስላል እንጂ ምስሉን በሰከንድ ብዙ ጊዜ እያደሰ ነው፤ የብዙዎቹ ስልኮችና ላፕቶፖች ፍጥነት በሰከንድ 60 ጊዜ ነው። ካሜራው በ1/500 ሰከንድ ቶሎ ከፍቶ ከዘጋ ከዚያ እድሳት የሚያገኘው ቁራጩን ነው። እነዚያ ጥቁር ጥላዎች የሚመጡት ከዚህ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የካሜራውን ማዞሪያ ኤም ላይ (ሁሉንም በእጃችሁ የምትወስኑበት) አድርጉና ሹተር ስፒዱን፣ ማለትም ካሜራው ተከፍቶ የሚቆይበትን ጊዜ፣ 1/60፣ 1/30 ወይም 1/15 ላይ አውርዱት። እኔ ብዙ ጊዜ 1/30 ላይ ነኝ፤ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) 8፣ አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበት አቅም) 100 ወይም 200። ከጠቆረባችሁ ወደ 1/15 ውረዱ። የድሮው ወፍራሙ ቴሌቪዥን ከገጠማችሁ፣ እሱ ፓል በሚባለው የቴሌቪዥን ስርዓት በሰከንድ 25 ሙሉ ምስል ነው የሚያሳየው፣ ስለዚህ 1/25 ወይም ከዚያ የዘገየ ይሁን።

በዚህ ፍጥነት እጅ አይታመንም። ትራይፖድ ከሌላችሁ ካሜራውን ኩርሲ ላይ አስቀምጡ፣ ስልኩን በመጽሐፍ ደግፋችሁ አቁሙት። ጣታችሁ ቁልፉን ሲጫን እንኳን ካሜራው ስለሚንቀሳቀስ የ2 ሰከንዱን ሰዓት ቆጣሪ ተጠቀሙ።

የስልኩን ብራይትነስ ከፍ አድርጉት። ብዙ ኦሌድ ስክሪኖች (እያንዳንዱ ነጥብ ራሱ የሚበራባቸው) ብርሃናቸው ሲቀነስ ቶሎ ቶሎ እየጠፉና እየበሩ ነው የሚደበዝዙት፤ ዓይን አያየውም፣ ካሜራ ግን ያየዋል። አውቶ ብራይትነስንና ማታ ማታ ቢጫ የሚያደርገውን ነገር አጥፉ፣ ስክሪኑ መሃል ላይ እንዳይጠፋባችሁም ሰዓቱን አርዝሙት። የሱቁን ፍሎረሰንትም አጥፉት። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ የድሮው ፍሎረሰንት በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፣ ከስክሪኑ 60 ጋር አይገጥምም።

ታዲያ ጨለማ ውስጥ እናንሳ ወይ? አይሆንም። ጨለማ ውስጥ ስክሪኑ ብቻ ይታይና የስልኩ አካል ይጠፋል፤ ገዢ ደግሞ ዳሩ የተላጠ መሆን አለመሆኑን ማየት ይፈልጋል። እኔ የምወደው ሰዓት አመሻሽ ነው። ፀሐይ ከጦሳ ተራራ ኋላ ስትገባ፣ ገና መብራት ሳይበራ፣ ደጅ ያለው ብርሃን ለስለስ ይላል። ያኔ የስክሪኑ ብርሃንና የክፍሉ ብርሃን ይቀራረባሉ። ክረምት ላይ ጉም ሲወርድ ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ነው፣ ለፎቶ የተባረከ ጊዜ ነው። ኮምቦልቻ ያላችሁ ግን ፀሐዩ ስለሚጠነክር ከበሩ ራቅ በሉ፣ ወይም መጋረጃ ጣሉ። ቀለሙን ደግሞ ለካሜራው አትተዉት፤ ነጩ ነጭ እንዲመስል የሚያስተካክለውን ዋይት ባላንስ 6500 ላይ አድርጉት፣ ካልሆነ ነጩ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል።

ይሄን ሁሉ አድርጋችሁም ላፕቶፕ ስታነሱ ስክሪኑ ላይ የቀስተ ደመና ሞገድ ሊመጣ ይችላል። ሞይሬ ይባላል። ሁለት ስስ ነጠላ ደርባችሁ ወደ ብርሃን ብትይዙት ክሩ ከክር ጋር ሲሻማ የሚታየው ሞገድ ራሱ ነው። እዚህ የሚሻሙት የስክሪኑ ፒክስሎች፣ ማለትም ምስሉን የሚሠሩት ጥቃቅን ነጥቦች፣ እና ብርሃን የሚቀበለው የካሜራው ሴንሰር ነጥቦች ናቸው። ካሜራውን አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ሳቡት ወይም አስጠጉት፤ ብዙ ጊዜ እዚያው ይጠፋል። እምቢ ካለ ጥቂት አዘንብሉት። አሁንም እምቢ ካለ ፎከሱን በእጅ ቅንጣት ታህል አላሉት፤ ሞገዱ ይጠፋል፣ ጽሑፉ ግን ይነበባል። ከካሜራው ኋላ ባለችው ትንሽ ስክሪን ብቻ አትፍረዱ፣ እዚያ ላይ የሌለ ሞገድ ሊታይ ያለውም ሊደበቅ ይችላል። አጉልታችሁ እዩት። ሌንሱ 18-55 (የሚያቀርብና የሚያርቅ) ከሆነ አቅርቦ በሚያሳየው 55 ላይ አድርጋችሁ ራቅ በሉ፤ 18 ላይ ተጠግታችሁ ካነሳችሁ የስልኩ ዳር ይጎብጣል።

ነጸብራቅ ለመቀነስ ፖላራይዘር ፊልተር፣ ማለትም ሌንሱ ላይ የሚገጠምና የሚዞር መስታወት፣ የሚገዛ ሰው አውቃለሁ። ተጠንቀቁ፤ ከኤልሲዲ ስክሪን (ከኋላው መብራት ካለው) የሚወጣው ብርሃን ራሱ ፖላራይዝድ፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚርገበገብ ስለሆነ፣ ፊልተሩን ስታዞሩት ስክሪኑ ጭልም ሊል ይችላል። ካላችሁ እያዞራችሁ ብሩህ የሚሆንበትን ፈልጉ። ከሌላችሁ ጥቁሩ ጨርቅ ይበቃል።

አንዳንዱ የስልኩን አካልና ስክሪኑን ለየብቻ አንስቶ በኮምፒውተር ያገናኛል። ለማስታወቂያ ያምራል። ለሚሸጥ ዕቃ ግን አታድርጉት፣ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ላየው ስክሪን ነው።

ለሽያጭ ከሆነ ከዋናው ፎቶ ሌላ አራት ጨምሩ፤ ስክሪኑ ሙሉ ነጭ፣ ሙሉ ጥቁር፣ ሙሉ ቀይ፣ ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ። አንድ ቀለም ያለው ምስል ከፍታችሁ ሙሉ ስክሪን ማድረግ ነው። ሳምሰንግ ከሆነ በአብዛኞቹ ላይ መደወያው ላይ *#0*# ስትጽፉ የመፈተሻ ገጽ ይመጣል፣ ቀዩና አረንጓዴው እዚያ አሉ። ነጩ ላይ የሞተ ፒክስልና የቀረ የምስል ጥላ ይታያል፤ ጥቁሩ ላይ የማይጠፋ መስመር ይታያል። መስመር ካለ ተጠግታችሁ ለብቻው አንሱት፣ ከፎቶው ስር የት እንዳለ ጻፉ። ጓደኛዬ መጀመሪያ «ገዢ ታባርርብኛለህ» ብሎኝ ነበር። አሁን ከኮምቦልቻ የሚደውል ሰው ሲኖር አራቱን ፎቶ ቀድሞ የሚልከው እሱ ነው።