ከውጭ አገር የወንጌል አገልግሎት ሲመለሱ ወዳጆችን እንዴት መሰናበት ይገባል?

በደቡብ ሱዳን፣ በሕንድ ወይም በሌላ አገር ለዓመታት አገልግሎ ወደ ኢትዮጵያ የሚመለስ ሚሲዮናዊ የመጨረሻዎቹን ሳምንታት በአብዛኛው የሚያሳልፈው በአውሮፕላን ትኬት፣ በመኖሪያ ፈቃድና በሻንጣ ኪሎ ተጠምዶ ነው፤ ስንብቱ ለዋዜማው ምሽት ይተርፍና በአንድ የጸሎት ፕሮግራምና በቡድን ፎቶግራፍ ያበቃል። ስንብት ግን ራሱ የአገልግሎቱ ክፍል ስለሆነ፣ ከተቻለ ከ3 ወር ቀደም ብሎ ሊታሰብበት ይገባል።

በቅድሚያ የሚወሰነው ወሬው ለማን አስቀድሞ እንደሚነገር ነው። የሥራ ባልደረቦች፣ የአጥቢያው ሽማግሌዎችና የቅርብ ጎረቤቶች ከአገልጋዩ አንደበት ፊት ለፊት ሊሰሙት ይገባል እንጂ በስልክ መልእክት ሊደርሳቸው አይገባም። የመመለሻው ምክንያት የአገልግሎት ዘመን ማብቃት፣ የልጆች ትምህርት ወይም ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ምንም ይሁን ምን በግልጽ ይነገር፤ ምክንያቱ ሲሸፈን ሰዎች «ያስቀየምነው እኛ ነን» ብለው ያዝናሉና። ሐዋርያው ጳውሎስ የኤፌሶንን ሽማግሌዎች ወደ ሚሊጢን አስጠርቶ ፊቱን ዳግመኛ እንደማያዩ ሳይደብቅ ነግሯቸዋል (የሐዋርያት ሥራ 20)። ልቅሶው የበረታው በዚሁ ቃል ቢሆንም፣ እስከ መርከቡ ድረስ የሸኙት እውነቱን አውቀው ነው።

ርክክቡ ከሽኝቱ በፊት ማለቅ አለበት። ቁልፉ፣ የሒሳብ መዝገቡና የማስተማር ኃላፊነቱ አስቀድሞ ለተተኪው ሲሰጥ፣ ሚሲዮናዊው ገና በአካባቢው ሳለ ተተኪው ይለማመዳል። እ.ኤ.አ. በ1937 በጣሊያን ወረራ ምክንያት የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሚሲዮናውያን ወላይታ ሶዶን ለቀው ሲወጡ፣ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 50 እንኳ አይሞሉም ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ምእመናን አገኙ። ሥራውን የያዙት የአገሬው ሰዎች ነበሩ።

ከሁሉ የሚከብደው ይቅርታ መጠያየቅ ነው። በመድረክ ላይ ቆሞ «በማወቅም ባለማወቅም ያስቀየምኳችሁ ካላችሁ ይቅር በሉኝ» ማለት የተለመደ ነው፤ ለጉባኤው መልካም ቢሆንም በስም ለሚታወቅ ቅያሜ አይበቃም። የተቀየመው ሰው ያለበት ድረስ ሄዶ፣ የሆነውን ነገር በስሙ ጠርቶ፣ ያለ ማመካኛ ይቅርታ መጠየቅ ያስፈልጋል። የአገሩ ባህል ሽማግሌ መላክን የሚጠይቅ ከሆነ ሽማግሌ ይላክ። ይህ በመጨረሻው ሳምንት ሊሆን አይገባም፤ ይቅር ያለው ሰው ደግሞ ቤቱ ጠርቶ ለመጋበዝ ጊዜ ያሻዋልና።

የቤት ዕቃ ብዙ ሽኝቶችን አበላሽቷል። ለአንዱ ማቀዝቀዣ፣ ለሌላው ድስት ሲደርስ ወዳጅነቱ የተመዘነ ይመስላል፤ ስለዚህ ከፍ ያለ ዋጋ ያለውን ንብረት በአጥቢያው መሪዎች በኩል ማከፋፈል፣ ለቅርብ ወዳጆች ደግሞ መታሰቢያ የሚሆን ትንሽ ነገር በግል መስጠት የተሻለ ነው። የሱቅና የቤት ኪራይ ዕዳም ሳይከፈል አይታለፍ።

ተስፋ ሲሰጥ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «በሚቀጥለው ዓመት እመለሳለሁ» ወይም «የልጅህን የትምህርት ቤት ክፍያ እልካለሁ» የሚለው ቃል በስሜት ይወጣል፤ ሰሚው ግን ቀን ይቆጥርበታል። ማድረግ የሚቻለው በወር አንድ ጊዜ መደወል ብቻ ከሆነ፣ ያንኑ መናገር ይበቃል።

ልጆች የራሳቸው ስንብት አላቸው። ለእነርሱ «አገራችን» የሚባለው ያደጉበት ሰፈር ሊሆን ስለሚችል፣ ከጓደኞቻቸው፣ ከመምህራቸውና ከሚወዱት ቦታ ጋር የሚሰነባበቱበት ጊዜ ይሰጣቸው። በጢሮስ ጳውሎስን ለመሸኘት ሴቶችና ልጆችም እስከ ባሕሩ ዳር ወጥተው ነበር።

ክርስቲያን መሆን አደጋ በሚያስከትልበት አካባቢ ትልቅ የሽኝት ፕሮግራም ማዘጋጀት ተገቢ አይደለም። በየቤቱ በጥቂት በጥቂት ሰው መሰናበት ይሻላል፤ የአማኞችን ፊት ወይም ስም የያዘ ፎቶግራፍ በፌስቡክም ሆነ በቴሌግራም መለጠፍ አይገባም፣ ተሰናባቹ አዲስ አበባ ከገባ በኋላም ቢሆን። ከተመለሱ በኋላ ስለ ቤተ ክርስቲያኒቱ ጉዳይ ምክር ወይም ውሳኔ የሚጠይቁ ስልኮች ይመጣሉ፤ ደዋዩን በፍቅር ሰምቶ፣ ጉዳዩን ወደ ተተኪው እንዲወስድ መምራት ይገባል።