እንቅልፍ እምቢ ሲል፦ አሜሪካ ለገቡ አዲስ ሰዎች በቪዲዮ የመታከሚያ መንገድ

አዲስ አበባና ዋሽንግተን እንደ ወቅቱ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ይለያያሉ። ሰውነት አዲሱን ሰዓት የሚለምደው በቀን አንድ ሰዓት ያህል እያለ ነው። ስለዚህ በገቡ በመጀመሪያው ሳምንት ሌሊት ዓይንዎ ቢፈጥ፣ ቀን ደግሞ ቢያንጎላጅዎ አይደንግጡ። ሳምንታት አልፈውም በሳምንት 3 ሌሊትና ከዚያ በላይ እንቅልፍ እምቢ ካለና የቀን ሥራዎን ካደናቀፈ ግን ሐኪም ያናግሩ። 3 ወር ከዘለቀ ሥር የሰደደ ይባላል፤ እስከዚያ መጠበቅ ግን አያስፈልግም። ለዚህ ችግር የቪዲዮ ሕክምና ይመቻል፤ ሐኪሙ በእጁ ዳስሶ የሚያገኘው ጥቂት ነው፣ የሚፈልገው የሌሊትዎን ዝርዝር ነው።

ኢንሹራንስ ካለዎት በካርዱ ጀርባ ያለውን ስልክ ደውለው በቪዲዮ የሚያክም የፕራይመሪ ኬር ሐኪም (ለማንኛውም ሕመም መጀመሪያ የሚያይዎት) ይጠይቁ። ከሌለዎት በአካባቢዎ ያለውን የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያ ይፈልጉ፤ የፌዴራል ድጋፍ የሚያገኙት እንደ ገቢዎ ያስከፍላሉ፣ መክፈል አልቻለም ብለውም አይመልሱም። ስልኩ እንደተነሣ «አምሃሪክ ኢንተርፕሬተር፣ ፕሊስ» ይበሉና ይጠብቁ። መስመሩ ጸጥ ሲል ብዙ ሰው ተቋረጠ ብሎ ይዘጋዋል፤ አስተርጓሚ እየተፈለገ ነውና አይዝጉ። የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ በሕግ ግዴታው ነው። እንግሊዝኛ የቀናውን ልጅዎን አያስተርጉሙ፤ ስለ ቅዠትዎና ስለ ጭንቀትዎ በልጅዎ ፊት እውነቱን መናገር ይከብድዎታል። አስተርጓሚው የሚያውቁት ሰው ከሆነ ወይም ካልተመቸዎት «ሌላ ይቀየርልኝ» ማለት ነውር የለውም።

ሲመዘገቡ ስምዎም የትውልድ ቀንዎም በካርዱ ላይ እንዳለው ይሁን። የአያትዎ ስም አንዱ ጋ ገብቶ ሌላው ጋ ከቀረ፣ ወይም የልደት ቀንዎ በአንዱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከተጻፈ፣ ኮምፒውተሩ ሌላ ሰው ያደርግዎታል። እዚህ ወር ከቀን እንደሚቀድምም ያስታውሱ። ሐኪሙ መጀመሪያ «አሁን የት ነዎት?» ይላል። የሚጠይቀው በሥርዓቱ ነው፤ ፈቃዱ እርስዎ በዚያች ሰዓት ባሉበት ስቴት የሚሠራ መሆን አለበት። ቨርጂኒያ እየኖሩ ሜሪላንድ ሥራ ቦታ ሆነው ቢከፍቱት ቀጠሮው ሊሰረዝ ይችላል። መኪና እየነዱም አይሆንም።

ዋናው ዝግጅት የእንቅልፍ መዝገብ ነው። ከቀጠሮው በፊት ለ2 ሳምንት፣ ጠዋት ጠዋት፣ በግምት ይጻፉ፤ ሌሊት ሰዓት እያዩ መጻፍ እንቅልፉን ያባርራል። እዚህ ላይ የእኛ ሰዓት አቆጣጠር ብዙ ሰው ያሳስታል። «ከሌሊቱ 9 ሰዓት እነቃለሁ» ሲሉ አስተርጓሚው ቁጥሩን ብቻ ካሳለፈው ሐኪሙ የሚሰማው በፈረንጅ 9 ሰዓት፣ በእኛ የምሽቱን 3 ሰዓት ነው፤ ገና ሳይመሽ የሚተኛ ሰው ያደርግዎታል። በፈረንጅ ሰዓት ኤኤም ፒኤም እያሉ ይጻፉ፣ እንዲህ፦

ማክሰኞ። አልጋ የገባሁት 10:30 ፒኤም። እንቅልፍ የወሰደኝ 12:15 ኤኤም። የነቃሁት 3:00 ኤኤም፣ እስከ 4:30 ስገላበጥ ቆየሁ። የተነሣሁት 6:30 ኤኤም። ቡና 3 ስኒ፣ የመጨረሻው 5:00 ፒኤም።

ይህ ሰው አልጋ ላይ 8 ሰዓት ቆይቶ የተኛው 4 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው፤ 59 በመቶ መሆኑ ነው። ሐኪሞች የሚፈልጉት 85 በመቶና ከዚያ በላይ ነው። ቡናውም ሐሰት አይናገርም፦ ከጠጡት ካፌይን ከ5 ሰዓት ያህል በኋላም ግማሹ ደም ውስጥ አለ። አቦል ቶና በረካውን ከቀትር በፊት ያድርጉት። አልኮልም ይጻፍ፤ ከመምጣትዎ በፊት ጫት ይቅሙ ከነበረ መቼ እንደተዉ ይናገሩ።

«እንቅልፍ አጣሁ» ብቻ አይበቃም። ቶሎ አይወስድዎትም? መሃል ላይ ያነቃዎታል? ወይስ ገና ሳይነጋ ነቅተው ይቀራሉ? ሦስቱ የተለያዩ ናቸው። «ሐሳብ በዛብኝ» ሲሉም ምን እንደሚሆኑ ይጨምሩበት፦ ልብ ይመታል፣ ላብ ያሰምጣል፣ በመንገድ ያዩት ነገር በሕልም ይመጣል። አብሮዎት የሚተኛ ሰው «ታንኮራፋለህ፣ ትንፋሽህ ይቆማል» ካለ ከሁሉ አስቀድመው ይንገሩ። ይህ የእንቅልፍ ትንፋሽ መቆራረጥ ሊሆን ይችላል፤ ለአንድ ሌሊት ቤት የሚያስሩት መመርመሪያ በፖስታ ሊላክልዎት ይችላል፣ እሱ ሳይታወቅም የእንቅልፍ ክኒን ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። የሌሊት ፈረቃ የሚሠሩ ከሆነም መጀመሪያ ሰዓቱን ይንገሩ፤ ሕክምናው ይለያል።

ከዚያ በስሙ ጠርተው «ሲቢቲ-አይ» ይጠይቁ፤ የእንቅልፍ ልማድንና ሐሳብን በማስተካከል እንቅልፍን የሚመልስ፣ ክኒን የሌለው ሕክምና ነው። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 ሥር ለሰደደ የአዋቂ እንቅልፍ እጦት ከክኒን በፊት እንዲሞከር የመከረው ይህን ነው። ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 8 ቀጠሮ ይወስዳል። አልጋ ላይ የሚቆዩበት ሰዓት በእርግጥ ወደሚተኙት ሰዓት ይጠባል፣ ከ5 ሰዓት ግን አይወርድም። የመነሻ ሰዓት በእረፍት ቀንም አንድ ነው። 20 ደቂቃ ያህል ተገላብጠው ካልመጣ ተነሥተው ሌላ ክፍል፣ በደብዛዛ ብርሃን ይቀመጣሉ። በመጀመሪያው አንድ ሁለት ሳምንት ድካሙ ይብሳል፤ አብዛኛው ሰው «አልሠራልኝም» ብሎ የሚተወው እዚያው ላይ ነው። የታሰበውም ድካሙ ተጠራቅሞ እንቅልፉን እንዲጎትት ነው። ሾፌር ከሆኑ ወይም የሚጥል በሽታ ወይም ባይፖላር (ስሜት በጣም ከፍና ዝቅ የሚልበት የአእምሮ ሕመም) ካለብዎት ሳይጀምሩ ለሐኪሙ ይንገሩ።

ሐኪሙ በቪዲዮ ዞልፒደም የተባለውን የእንቅልፍ ክኒን አላዝም ቢልዎት ንቀት አይደለም። ቁጥጥር ያለበት መድኃኒት ነው፤ በእንቅልፍ ልብ ተነሥቶ መሄድና መኪና መንዳት ስለሚያመጣ በ2019 ጠንካራ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎበታል። ከሀገር ቤት ይዘው የመጡትን ዲያዜፓም (የማረጋጊያ ክኒን) ሳያማክሩ አይዋጡ፣ ከመጠጥ ጋር ደግሞ በጭራሽ። ከፋርማሲ መደርደሪያ የሚነሡት «ፒኤም» የተጻፈባቸው ክኒኖች ጠዋት ያደነዝዛሉ፤ ታይሌኖል ፒኤም ከወሰዱ ሌላ ታይሌኖል (ፓራሲታሞል ማለት ነው) አይደርቡበት፣ ጉበት ይጎዳል።

ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ሌት ተቀን 988 ይደውሉ፣ አስተርጓሚ በስልክ ይገኛል።

ቪዲዮውን ከመዝጋትዎ በፊት ሁለት ነገር ያስጽፉ፦ የሚቀጥለው ቀጠሮ ቀንና ሰዓት በመልእክት እንዲላክልዎት፣ የአማርኛ አስተርጓሚ እንደሚያስፈልግዎትም በፋይልዎ ላይ እንዲሰፍር። ካልሰፈረ በሚቀጥለው ጊዜ ከተመደበልዎት ሰዓት ላይ ብዙው አስተርጓሚ በመፈለግ ያልፋል።