ግንቡ ይቆየን፣ ስልክ ቁጥሩ ይቅደም፦ ለትንሽ በጎ አድራጎት ማኅበር ዌብሳይት እንዴት እንደሚሠራ

ጎንደር ውስጥ ቤተሰቦችን ለሚደግፍ አንድ ትንሽ ማኅበር ዌብሳይት ሠራሁ። ደስ ብሎኝ ስልኬን ለጎረቤቴ ሰጠኋቸውና «እትዬ፣ ድጋፍ ለመጠየቅ የት እንደሚደወል እስቲ ይፈልጉልኝ» አልኳቸው። ስክሪኑን የሞላው የፋሲል ግንብ ፎቶ ነበር። ፎቶውን ነኩት። ምንም። ደግመው ነኩት። ከዚያ ቀና ብለው «ይሄ የቱሪስት ነው እንዴ?» አሉኝ።

ያን ዕለት ማታ ግንቡን ወደ ታች አወረድኩት። ሥራውንም ከዜሮ ጀመርኩ። እንደኔ ሁለት ጊዜ እንዳትለፉ፣ አካሄዱ ይኸውላችሁ።

ኮምፒውተሩን ሳትከፍቱ

ሁለት ሦስት ቀን የማኅበሩ ቢሮ በር አጠገብ ቁጭ በሉ። ሰው እየገባ የሚጠይቀውን እንዳለ ጻፉ። «ምን ይዤ ልምጣ?» «መታወቂያዬ ጠፍቷል፣ ይሆናል?» «ልጄን የምተውበት የለኝም፣ ይዤው ብመጣስ?» «ይከፈላል እንዴ?» ዌብሳይቱ ማለት የእነዚህ መልስ ነው። ራዕይ፣ ተልእኮ፣ የሥራ አስኪያጁ መልእክት የሚባለው ሁሉ «ስለ እኛ» የሚለው ገጽ ውስጥ ይግባ። ሥራ አስኪያጁ ቅር ይላቸው ይሆናል። ይለምዱታል።

የመጀመሪያው ገጽ

ሁለት ትልልቅ ቁልፎች ይበቁታል፤ አንዱ ድጋፍ ለሚፈልግ፣ አንዱ ማገዝ ለሚፈልግ። ስልክ ቁጥሩ ከስክሪኑ ግርጌ አይጥፋ፤ ሲነካም በቀጥታ ይደውል። ፎቶ ላይ የተጻፈ ቁጥር አይደውልም። ውጭ አገር ያለ ዘመድም እንዲደውል በ+251 ጀምሩት።

ቁልፉ ላይ የሚጻፈው ቃል ግን ያስቸግራል። እኔ መጀመሪያ «ለችግረኛ ቤተሰቦች» ብዬ ነበር። ማን ነው «ችግረኛ ነኝ» ብሎ የሚጫነው? ይሉኝታ አለ። ታክሲ ውስጥ ከጎን ተቀምጦ ስልክ የሚያይም አለ። «ለቤተሰቤ ምክርና ድጋፍ» ብዬ ቀየርኩት።

ፎቶም እንደዚሁ ነው። ጎንደር ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። ዛሬ የለጠፋችሁት የልጅ ፊት ነገ የክፍል ጓደኞቹ ስልክ ላይ ይገኛል። የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይኑር። ፈቃድ ቢኖርም እኔ ፊት ባይታይ እመርጣለሁ፤ እጅ፣ ጀርባ፣ ረከቦትና ሲኒ ይበቃል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ስላለ ነገሩ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ድጋፍ የሚጠየቅበት ፎርምም ካለ ስምና ስልክ ብቻ ይጠይቅ። ስለ ገቢና ስለ ትዳር ቢሮ ሲመጡ ይወራል።

አድራሻና ሰዓት

ክፍለ ከተማና የቤት ቁጥር ጽፎ መተው ማንንም አያደርስም። ለባጃጅ ሹፌር እንደምትነግሩት ጻፉት። ከማራኪ የሚመጣ የት ይወርዳል? ከአዘዞ የሚመጣስ? ከጃንተከል ዋርካ በእግር ስንት ደቂቃ ነው? በሩ ምን ዓይነት ቀለም ነው? የበሩን ፎቶም ጨምሩ፤ ከግንቡ ይልቅ እሱ ይጠቅማል።

ሰዓቱን «ጠዋት 2፡30» ብላችሁ ጻፉ። የእንግሊዝኛ ገጽ ካላችሁ እዚያ 8፡30 ይሁን፤ አለበለዚያ ከውጭ የሚደውለው ሰው ሌሊት ይቀሰቅሳችኋል። ጥር 11 ሲቃረብ ደግሞ ከተማዋ በእንግዳ ትጥለቀለቃለች። ቢሮው የትኞቹን ቀናት እንደሚዘጋ ቀደም ብላችሁ ለጥፉ።

ፊደሉ

ከላቲን ፊደል የኛ ጥቅጥቅ ይላል። በ14 ፒክስል «ሲ» እና «ሴ» ይምታታሉ። እኔ 18 አድርጌ የመስመሩን ርቀት 1.7 ሰጠሁት፤ እትዬም ስልኩን ወደ ዓይናቸው ማስጠጋት ተዉ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነፃ የሚገኝ ጥሩ ፎንት ነው። ፊደሉን አታጋድሙት፤ ያስጠላል።

ማኅበሩ በድሮ የግዕዝ ሶፍትዌር የተጻፈ ሰነድ ሊሰጣችሁ ይችላል። ገልብጣችሁ ስትለጥፉት ዝብርቅርቅ ምልክት ከሆነ ፊደሉ ዩኒኮድ፣ ማለትም ዛሬ ስልኩም ኮምፒውተሩም የሚያነበው የጋራ የፊደል ኮድ፣ አይደለም። መቀየሪያ ፕሮግራም ሞክሩ፤ ካልሆነ እንደገና መተየብ ነው፣ ሌላ መላ የለውም። የመፈለጊያ ሳጥን ካስገባችሁ ደግሞ «ሕፃናት» ብሎ የሚጽፍም «ህጻናት» ብሎ የሚጽፍም እኩል ማግኘት አለበት። አምስት ገጽ ላላት ዌብሳይት ግን ሳጥኑ ራሱ አያስፈልግም።

ክብደቱ

በስልክ ያነሳችሁት ፎቶ 3 እና 4 ሜጋባይት ይሆናል። ከ150 ኪሎባይት በታች አድርሱት። የሚንሸራተቱ ፎቶዎችና ራሱን የሚያጫውት ቪዲዮ ይቅሩ፤ የሰው ፓኬጅ ነው የምትበሉት። ማንበብ ለማይችሉ አንድ ደቂቃ የሚሆን ድምፅ ቅዱ፤ በሰከንድ 32 ኪሎቢት ሆኖ ቢቀመጥ 240 ኪሎባይት ብቻ ነው። ድምፁ እንደ ዜና አንባቢ አይሁን። የቢሮዋ ጸሐፊ እንደምታወራው ይሁን።

ገንዘብና ቁልፍ

የባንክ ሒሳቡ ቁጥር፣ ባንክ ላይ እንዳለው ከነሙሉ ስሙ ይጻፍ፤ አንዴ ሲነካ የሚገለብጥ ቁልፍ ከጎኑ ይኑር። ቴሌብርም ካላችሁ ጨምሩ። ሒሳቡ በግለሰብ ስም ከሆነ ግን ዌብሳይቱን አታውጡት፤ መጀመሪያ እሱ ይስተካከል።

ዶሜይኑን፣ ማለትም የዌብሳይቱን የኢንተርኔት አድራሻ፣ በማኅበሩ ኢሜይል አስመዝግቡ። እኔ በራሴ አስመዝግቤ፣ የማደሻው ማስታወቂያ ወደማልከፍተው ኢሜይል ሲመጣ ከርሞ፣ ገጹ አንድ ቀን ድንገት ጠፋ። የሚታደስበትን ቀን ቢሮው ግድግዳ ላይ ያለው ካላንደር ላይ ጻፉት።

በመጨረሻ እንደገና ሰው አስሞክሩ። አምስት ሰው ይበቃል፤ ኮምፒውተር የሚያውቅ ግን አይሁን። አጠገባቸው ሆናችሁ «እዚያ ጋ ይንኩ» አትበሉ፤ ዝም ማለት ይከብዳል፣ ግን ዝም በሉ።

ለእትዬ ስልኩን ዳግመኛ ሰጠኋቸው። ሲኒያቸውን ሳያስቀምጡ ቁጥሩን አገኙት፤ ነኩት፤ ጠራ። ጠራ። ማንም አላነሳም። ለካ የምሳ ሰዓት ነው። ከቁጥሩ ሥር «ከ6፡00 እስከ 7፡30 ምሳ ላይ ነን» የሚል መስመር ጨመርኩ።