ፀሐይ በማይበዛበት ግቢ ጓሮ አትክልት እንዴት ይለማል?

አራት ኪሎ፣ ፒያሳ ወይም ካዛንቺስ አካባቢ ግቢ ያለው ሰው ትንሽ መሬት ቢኖረውም ፀሐይ ይቸግረዋል። በአንድ በኩል ፎቅ፣ በሌላው የጎረቤት ጣሪያ፣ ከላይ ደግሞ ያረጀ ዛፍ ይጋርደዋል። ብዙዎች "እዚህ ምን ይበቅላል?" ብለው ቦታውን የአሮጌ ዕቃ ማከማቻ ያደርጉታል። ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ቅጠሉ የሚበላ አትክልት በቀን ለ3 ወይም ለ4 ሰዓት ያህል ቀጥተኛ ፀሐይ ካገኘ ለቤት የሚሆን ይሰጣል። ብቻ ከመትከልዎ በፊት ጥላዎን ይወቁት።

1. ጥላውን ይቁጠሩ

ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ በየሰዓቱ ብቅ እያሉ ጥላው የደረሰበት ላይ ችካል ይትከሉ። ማታ ላይ የትኛው ቦታ ስንት ሰዓት ፀሐይ እንዳገኘ በወረቀት ያስፍሩ። አንድ ቀን ብቻ ማየት ግን አይበቃም፤ ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስላለች የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ወገን አትሆንም። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ ወደ ሰሜን ያዘነበለች ናት፤ በቀሩት ወራት ወደ ደቡብ ትሄዳለች። ታኅሣሥ ላይ 15 ሜትር ቁመት ያለው ፎቅ በቀትር ወደ ሰሜን ከ9 ሜትር በላይ ጥላ ይጥላል። ሰኔ ላይ ደግሞ የዚያው ፎቅ ጥላ ወደ ደቡብ ይዞራል፤ ርዝመቱም 4 ሜትር ገደማ ብቻ ነው።

ይህን የተማርኩት ከራሴ መደብ ነው። በግቢያችን ደቡብ በኩል ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ አለ። ሰኔ ላይ ደመናው ገለጥ ሲል ፀሐይ መሬቱ ላይ ስታርፍ አይቼ ደስ ብሎኝ መስከረም ላይ ቲማቲም ተከልኩ። ጎረቤታችን እማማ አጥሩን ተደግፈው "ልጄ፣ ይቺ የክረምት ፀሐይ ናት፤ በበጋ እዚህ አትመጣም" አሉኝ። ኅዳር ላይ መደቡ ቀኑን ሙሉ ጥላ ሆነ። ቲማቲሙ ብርሃን ፍለጋ እንደ ሐረግ ተመዘዘ፤ አበባውም ፍሬ ሳይቋጥር ረገፈ።

እንግዲህ ፎቁ በደቡብዎ ከሆነ ከየካቲት መጨረሻና ከመጋቢት ጀምሮ ይትከሉ፤ የበልግ ዝናብም ያግዝዎታል። በሰሜንዎ ከሆነ ደግሞ ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ሲገባ ይጀምሩ።

2. የሚሆነውን ይምረጡ

ከ3 እስከ 4 ሰዓት ፀሐይ ለሚያገኝ ቦታ ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ የሐበሻ ጎመን፣ ድንብላል፣ ፓርስሊና ለቅጠሉ የሚተከል ሽንኩርት ይሆናሉ። ናናም ይስማማዋል፤ ግን ሥሩ ሁሉን ስለሚወር በባልዲ ብቻ ይትከሉት። 5 ሰዓት ያህል ካለ ቀይ ሥርና ካሮት ይሞክሩ፤ ሥራቸው አነስ ይላል እንጂ ይበላል። ቲማቲም፣ ቃሪያና ዱባ ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ይሻሉ፤ ከሌለዎት ይተዉአቸው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው ጎመንና ሰላጣ ቢይዝ እመክራለሁ። የሐበሻ ጎመን የአገራችን ዘር ነው፤ የከተማችንን ብርድ ይችላል። ሰላጣ ደግሞ ፀሐይ ሲበረታበት ቶሎ አገዳ አውጥቶ ይመራል፤ ጥላ ውስጥ ግን ለስላሳ እንደሆነ ይቆያል።

3. መሬቱንና ብርሃኑን ያዘጋጁ

መሐል ከተማ ያለ ግቢ ሲቆፈር የሲሚንቶ ስብርባሪ፣ ምስማርና ፕላስቲክ ይወጣል። ሁሉንም ይልቀሙ። ከዚያ 30 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ ይሙሉት፤ በማግሥቱም ውሃው ካልሰረገ መሬቱ ውሃ ያቁራልና መደቡን ከመሬት 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያድርጉት። ጥላ ውስጥ ውሃ የሚቋጥር ዋልካ ሥር ያበሰብሳል። በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት ያደባልቁበት። ማዳበሪያ አያብዙ፤ ጥላ ላይ ያለ ተክል አዝግሞ ስለሚያድግ ብዙ አይወስድም።

ባሕር ዛፍ ሥር ከሆኑ መሬቱን አይድከሙበት፤ ውሃውን ዛፉ ይቀድመዋል። ሥሩ የተበሳ ባልዲ፣ የተቆረጠ ጀሪካን ወይም የማዳበሪያ ከረጢት ይጠቀሙ። ይህ ሌላም ጥቅም አለው፤ ፀሐይዋ ስትዞር ዕቃውን ተከትሎ ማዞር ይቻላል።

ከመደቡ ጀርባ ያለውን ግንብ ወይም ቆርቆሮ ነጭ ይቀቡት። እኛ ኖራ ቀባነው። ቀድሞ ወደ አንድ ወገን ተጣምሞ ይበቅል የነበረው ቆስጣ ከዚያ በኋላ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ነጩ ግንብ ብርሃኑን ከኋላው ይመልስለታል።

4. ዘር ወይስ ችግኝ?

ለጀማሪ ችግኝ ይቀላል። በዘር ከጀመሩ ግን የሰላጣ ዘር ለመብቀል ብርሃን ስለሚፈልግ በአፈር አይቅበሩት፤ ላዩ ላይ በትነው በመዳፍዎ ጫን ያድርጉት። የፓርስሊ ዘር ሦስት ሳምንት ሊቆይ ስለሚችል ተስፋ ቆርጠው መደቡን አይገልብጡት። ሲተክሉ ለሰላጣ 25፣ ለቆስጣ 30፣ ለጎመን 40 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይስጡ። ጥላ ላይ ማጨናነቅ የባሰ ጥላ ነው፤ ነፋስም አያሳልፍም።

5. ውሃና ተባይ

ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ጥላ በረከት ነው፤ አፈሩ ቶሎ አይደርቅም። ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ ይክተቱት፤ እርጥበት ከተሰማዎት አያጠጡ። ሲያጠጡ ጠዋት ያጠጡ፤ ከሥሩ እንጂ ከቅጠሉ ላይ አይደለም። ማታ የረጠበ ቅጠል እስኪነጋ ሳይደርቅ ያድርና ሻጋታ ያመጣል።

የጥላ ዋና ጠላት ቀንድ አውጣ ነው። ጠዋት ቅጠሉ ተቦርቡሮ፣ መሬቱ ላይ የሚያብለጨልጭ ዝልግልግ መስመር ካዩ እሱ ነው። ማታ ባትሪ ይዘው ይልቀሙት። በተክሉ ዙሪያ የሚነሰነስ አመድም ያግዛል፤ ዝናብ ካጠበው ግን ይድገሙት።

6. አሰባሰብ

ጥላ ላይ ሰላጣ ፀሐይ ላይ ካለው አንድ ሁለት ሳምንት ዘግይቶ ይደርሳል። አይንቀሉት፤ ከመሬት ሦስት ጣት ያህል አስቀርተው ይቁረጡት፣ እንደገና ያቆጠቁጣል። ጎመንና ቆስጣ ከታች ካሉት የጎለመሱ ቅጠሎች ይጀመራሉ። አንዱን ቅጠል ከግንዱ ሥር ይዘው ወደ ታች ሲሸመጥጡት ጧ ብሎ ይለቃል። መሐል ላይ ያሉትን 5 ወይም 6 ቅጠሎች ግን አይንኩ፤ የሚቀጥለው ሳምንት ወጥ የሚመጣው ከእነሱ ነው።